የማያኩት ጋሽ ደሊል

«የቱ ጋ ነው? እስቲ ዞር በልልኝ» አሉ ጋሽ ደሊል፣ ከዱካቸው ሳይነሱ ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው።

የግቢው ባለቤት መርዳሳ ጀርባውን እንዲያኩለት የለመናቸው መስሏቸው ነው። እሱ ያላቸው ግን «ጋሽ ደሊል፣ እርስዎ ለምን አያኩም?» ነበር። የምርመራ ጥያቄ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ የግቢው ሰው በሙሉ በረንዳው ሥር በተሰበሰበበት፣ ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር ሲያስፈትሽ ይጠቀምበት የነበረውን ድምፅ አውጥቶ ነው የጠየቃቸው። ሽማግሌው ዓይነ ስውር ስለሆኑ የፊቱን መኮሳተር አላዩም፤ ጣቶቻቸውን እያፍታቱ ጀርባ ይጠብቃሉ። ከተከራዮቹ አንዱ፣ ባጃጅ ነጂው ሁንዴ፣ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔም መሳቄ አልቀረም፤ ግራ ክንዴን እያከኩ ስለነበር ግን ሳቄ በወጉ አልወጣልኝም።

«የኔን ጀርባ አይደለም» አለ መርዳሳ፣ አንገቱን በመነጽሩ እጀታ እየፋቀ። «እርስዎን ራስዎን ነው የምልዎት። ሁላችንም እናካለን። የማያኩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«ምኔን ልከክ?»

«የሚያሳክክዎትን ነዋ!»

«የሚያሳክከኝ የለማ» አሉ ጋሽ ደሊል፤ እጃቸውንም ሰብስበው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ።

ሁላችንም ወደ ማከካችን ተመለስን። የሚሰማው የጥፍር ድምፅ ብቻ ነበር።

ይሄ ነገር ሦስት ሳምንት ሆኖታል። መጀመሪያ የመርዳሳ ሚስት ዘርፉ ጀመረች፤ መዳፏን፣ ከዚያ የእግሯን ውስጥ፣ ከዚያ ራሷን፣ ከዚያ የቀረውን። ሳምንት ሳይሞላ መርዳሳ አንገቱን ያዘ። ቀጥሎ የሁንዴ ሚስት ዱሬቲ፣ ዘርፉ አጠገብ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ቢላዋውን ጥላ ተነሳች። ከዚያ ሁንዴ፤ ከዚያ እኔ፣ ግድግዳ ብቻ የምጋራቸው ጎረቤት። ሰው ያካል፣ ይሄ ምን ያስገርማል። የሚያስፈራው አብሮ መሆኑ ነው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል፤ ምሳ ላይ አምስት ሰው ጉርሻውን አስቀምጦ በአንድ ጊዜ ክንዱን ይይዛል፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ትከሻውን። ካልተወራ ድምፁ ይሰማል፤ ቆርቆሮ ላይ ሊጀምር ያለ ካፊያ ይመስላል። ቆዳችን ላይ ደግሞ ምንም የለም። ሽፍታ የለ፣ ንክሻ የለ፣ የገዛ ጥፍራችን ያሰመረው መስመር ብቻ። የማይታይ ነገር መሃላችን ተቀምጦ በየተራ የሚነካካን እየመሰለኝ ስንት ጊዜ ዞር ብዬ ከኋላዬ አይቻለሁ። ማንም የለም። ወደ ፊት ስመለስ ሌሎቹም ዞረው ሲያዩ አገኛቸዋለሁ።

ያልተሞከረ ነገር የለም። ፍራሽ ሁሉ ፀሐይ ላይ ወጣ፤ አንሶላ በገንዳ ተቀቀለ፤ ሳሙና ተቀየረ፤ በአጥሩ ጥግ የበቀለው ነጭ አበባ ያለው አረም፣ ገበሬውን የሚያሳክከው ነው ተብሎ፣ ከነሥሩ ተነቀለ። መርዳሳ ቦኩ ድረስ ሄዶ ከመሬት በሚወጣው እንፋሎት ታጠነና ቲማቲም መስሎ መጣ፤ ማከኩን ግን አላቆመም። ከዚያ ዱሬቲ አንድ ነገር ትዝ አላት። ጋሽ ደሊል ማከኩ ሊጀምር ሳምንት ሲቀረው ወለንጪቲ የእህታቸው ልጅ ፈውዚያ ጋ ሰንብተው ሲመጡ የፍየል አጎዛ ይዘው ነበር፤ የሚሰግዱበት። አጎዛው ከአጥር ውጪ ተቃጠለ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ቆመው ሽታውን አሸተቱና «ጥሩ ቆዳ ነበር» ብለው ገቡ። በማግስቱ ሁላችንም እንደ ወትሮው አከክን።

ያኔ ነው መርዳሳ ወደ ሙያው የተመለሰው። መርዳሳ፣ ነገሩን ለማያውቁት ልንገር፣ ኮንቴይነር ሳይከፈት ውስጡን አውቃለሁ የሚል ሰው ነው። አንድ ያረጀ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወረቀት አወጣና በጀርባው የግቢውን ሰው ስም ከላይ ወደ ታች ጻፈ፤ በየስሙ ፊት የሚያክበትን ሰዓት፣ የሚያክበትን ቦታ፣ ሳምንት ሙሉ ምልክት አደረገ። እኔን እንኳ «ጎረቤት፣ በከፊል» ብሎ አስገብቶኛል። ወረቀቱ ሲሞላ ባዶ የቀረው አንድ መስመር ነበር። ያ መስመር ነው ዛሬ ጠዋት በረንዳ ሥር የሰበሰበን።

«እኔ ክፉ ነገር ለመናገር አይደለም» አለ መርዳሳ፣ ወረቀቱን አጥፎ። «ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ታሞ አንድ ሰው ካልታመመ፣ ነገሩ ከማን ጋር እንደገባ ሕፃን ልጅም ያውቃል። ደግሞ ለእርስዎም ቢሆን፣ በዚህ ዕድሜ ዘመድ ጋ መሆን ይሻላል። ፈውዚያ ትጦርዎታለች።» በኛ ሰፈር ሰው ሲባረር እንዲህ ነው፤ ለራሱ ተብሎ ነው። «ሁንዴ እስከ መናኸሪያ ያደርስዎታል። ዛሬ አስር ሰዓት።»

ጋሽ ደሊል አልተቆጡም። ወጣት ሳሉ አሰብ መንገድ ላይ ተሳቢ የነዱ የወሎ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸውን ስኳር ከወሰደባቸው ወዲህ ደግሞ ቁጣ መንገድ ያስታል ይላሉ። ዱላቸውን መሬቱ ላይ እያንቀሳቀሱ ትንሽ አሰቡ። «ከበሬ እስከ ቧንቧው አስራ ሰባት እርምጃ ነው» አሉ። «እስከ ሽንት ቤቱ ሃያ ሁለት። እስከ መስጊዱ በር አራት መቶ ስድስት፤ ጭቃ ሲሆን አራት መቶ አስር። ስድስት ዓመት ነው የፈጀብኝ። ፈውዚያ ጋ በሩ ወደየት እንደሚከፈት እንኳ አላውቅም።» ከዚያ ተነሱና አስራ አንድ እርምጃ ሄደው፣ ሳይዳብሱ፣ የክፍላቸውን መሸጎጫ ያዙ። «ካላችሁ እሺ» አሉ፤ ገቡ።

ዘርፉ ይሄ ሁሉ ሲሆን የፀጉር ማበጠሪያ ይዛ የመዳፏን ውስጥ ትፍቃለች። ፊቷ የሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጥቶ አመድ መስሏል። መርዳሳ የበሽታው ምንጭ ቢሄድም የቀረው እንዲጠፋ ለአምስት ሰው የሚሆን የእከክ ቅባት እንድትገዛ ነገራት፤ «መሰሉ፣ አብረሻት ሂጂ፣ መንገድ ላይ እንዳትወድቅ» ብሎ እኔን መረቀላት። መሰለች ነው ስሜ፤ ለመላክ ሲፈልገኝ ነው መሰሉ የሚለኝ።

ባጃጅ ውስጥ ነፋሱ ያን ጥሩ የአዳማ አቧራ ያለብሰናል። ነጂው በመስታወቱ ሁለታችን ስናክ አየን፤ ትንሽ ቆይቶ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጆሮውን ጀመረ። ፍራንኮ ጋ ስንወርድ ሂሳቡን እንኳ ሳይቆጥር ነው የሄደው።

መድኃኒት ቤቱ ጠባብ ነው፤ አንድ ወንበር፣ አንድ የማይሠራ ማራገቢያ፣ ግድግዳው ላይ የጥርስ ሥዕል። ነጭ ጋወን የለበሰችው ልጅ ደረቷ ላይ ሶረቲ የሚል ስም ለጥፋለች። የልጄ እኩያ ብትሆን ነው።

«ስንት ሰው ነው የሚያክ?» አለች።

«ግቢው» አለች ዘርፉ።

«ግቢው ማለት?»

«ግቢው በሙሉ። አምስት ጠርሙስ ስጪን።»

ጠርሙሱ መቶ ሰማንያ ብር ነው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን አምስቱንም አስይዞ ይሸኘን ነበር። ሶረቲ ግን የዘርፉን እጅ ወደ መብራቱ ጎትታ በጣቶቿ መሃል አየች፤ የክንዷን ውስጥ አየች፤ የኔንም አየች። «እከክ አይመስልም» አለች። «እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

«ያቋረጡትስ?»

ዘርፉ ወደኔ ዞረች። ያ አስተያየት «ወጣ በይ» ማለት ነው፤ አስራ ስምንት ዓመት ጎረቤቷ ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። እኔ ደግሞ ድንገት የጥርሱን ሥዕል በጣም ወደድኩት። አፍጥጬ አየው ጀመር። ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ይሄን የሚጽፍ አይኖርም ነበር።

አስራ አንድ ዓመት ነው የዋጠችው። የማሳከክ ኪኒን፣ ሴትሪዚን የሚሉትን፣ በየማታው አንድ። ያኔ ክንዷ አብጦ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ለአንድ ወር ነበር የታዘዘላት፤ ወሩ ሲያልቅ ባዶውን ካርቶን ይዛ ሄዳ ገዛች፤ እንደገና ገዛች፤ ከዚያ በኋላ የጠየቃት የለም፣ እሷም አልጠየቀችም። ከስምንት ዓመት በፊት መርዳሳ «አንቺ የተጋባሽው ከኔ ጋር ነው ከኪኒን ጋር?» ብሎ ሰው ፊት ቀለደባት። የዚያን ቀን ተውኩት ብላ ማለች። አልተወችም። ጓዳ ውስጥ ምስር ጣሳ ሥር እየደበቀች ስምንት ዓመት ዋጠች። እኔ የዚያን ቤት የጨው ዕቃ ሳይቀር የት እንዳለ የማውቅ ሴት፣ ይሄን አላውቅም ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ገበያ መሃል ምን ልትገዛ እንደመጣች ጠፋባት፤ ዘንቢሏን ይዛ ቆማ ቀረች። ኪኒኑ አእምሮዬን እየበላው ነው ብላ ደነገጠች፤ ቤቷ ገብታ የቀረውን በሙሉ ሽንት ቤት ጣለችው።

«የመጀመሪያው ቀን ምንም አላለኝም» አለች ዘርፉ፤ ለሶረቲ ሳይሆን ለጠረጴዛው ነው የምትነግረው። «በከንቱ ስውጠው ኖሬያለሁ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ያዘኝ። እንዲህ አድርጎ ይዞኝ አያውቅም። የድሮው በሽታዬ ብሶ የተመለሰ መስሎኝ አለቀስኩ። እንደዋሸሁት ሊታወቅ ነው አልኩ። ከዚያ ግን መርዳሳም ማከክ ጀመረ።»

«እና?» አለች ሶረቲ።

«እናማ ደስ አለኝ።»

ሶረቲ ብዕሯን አስቀመጠች። ቀስ ብላ ነው ያስረዳችን። ይሄን ኪኒን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ወስደው ድንገት ሲያቆሙት፣ ማቆሙ ራሱ ክፉኛ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ የድሮው በሽታ ላይሆን ይችላል። ዛሬ አንድ ትውሰድ፤ ብዙ ሰው ላይ ቶሎ ያስታግሳል። ከዚያ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዳ በምክር ቀስ በቀስ ነው የምትቀንሰው፤ ገበያ መሃል ስለጠፋባትም ነገር እዚያው ትናገር። «ብቻዎን እንዳይጀምሩት፣ ብቻዎንም እንዳያቆሙት» አለቻት።

«ባሌስ?» አለች ዘርፉ። «እሱ አልዋጠ፣ አላቆመ። ጎረቤቶቼስ?»

ሶረቲ የገዛ እጇን አየችው። እጇ አንገቷ ላይ ነበር፤ አንገቷ ቀልቷል። «እናንተ ከገባችሁ ጀምሮ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰው ሲያክ ማየት ያሳክካል። እንደ ማዛጋት ነው።»

ሦስታችንም እጃችንን ከሰውነታችን ላይ አነሳን፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው። ጠባቡ ክፍል ውስጥ ተፋጠን ቆምን። ማንም ካልጀመረ የሚቀር፣ አንዱ ከጀመረ የማይቀር ነገር መሃላችን ቆሟል።

«የማያይ ሰውስ?» አልኩ እኔ።

ሶረቲ አልገባትም። ዘርፉ ግን ገባት፤ ወንበሩን ሳታይ ተቀመጠችበት። ኪኒኑን እዚያው ባንኮኒው ላይ በሶረቲ ኮዳ ውሃ ዋጠችው፤ የቀረውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቅባቱን ተውነው።

ስንመለስ በእግር ነበር፤ እሷ ናት በእግር እንሂድ ያለችው፣ እንዲርቅ። «ገና ከበር ስገባ እነግረዋለሁ» አለችኝ። መቶ ሜትር እንደሄድን «ስምንት ዓመት ዋሽተሽኛል ይለኛል» አለች።

«ይላል» አልኩ።

«ምን ልመልስለት?»

«ዋሽቻለሁ በይዋ። ሌላ ምን መልስ አለው?»

«አንቺ እንዴት ይቀልሻል!» ብላ ተኮሳተረችብኝ። እውነቷን ነው፤ የሰው ሚስጥር ሁሌም ይቀላል። ከዚያ በኋላ ስለ ጋሽ ደሊል እርምጃ ነው ያሰበችው መሰለኝ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የምትቆጥር ትመስላለች።

ግቢ ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የጋሽ ደሊል ዕቃ ወጥቶ አልቋል ማለት ይቻላል፤ ዕቃ ከተባለ። አንድ ቡታ ጋዝ፣ አንድ ሳጥን፣ ሬዲዮ፣ ፍራሽ፣ የተፈታታ የብረት አልጋ። መርዳሳ ገመድ ይዞ ጭነት ያስተካክላል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ደስተኛ ሆኖ አላየሁትም። ዘርፉ በቀጥታ ወደሱ ሄደች። ደረቷ ሲነፋ አየሁት። «መርዳሳ» አለች።

«ቅባቱስ?» አለ እሱ፣ ገመዱን እየጎተተ።

«አልቋል» አለች ዘርፉ።

ልትነግረው ሄዳ ከአፏ የወጣው ሌላ ውሸት ነው። ራሷም ደነገጠች። ከዚያ በረንዳው ጫፍ ላይ ሄዳ ተቀመጠች፤ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዱሬቲ ከፊታችን ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣለች፤ ክንዷን እያከከች የዕቃውን አወጣጥ ትቆጣጠራለች። ሁንዴ ባጃጁ ጣሪያ ላይ ዕቃ ይጭናል። ጋሽ ደሊል ባዶ ክፍላቸው ውስጥ ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዳብሳሉ፤ የረሱት ነገር ካለ ብለው ይሁን፣ ሰላምታ ይሁን አላውቅም።

እንግዲህ ቀጥሎ የሆነውን ምክንያቱን እያወቅሁ እንኳ አሁንም ሳስበው ይቀፈኛል። የዘርፉ እጆች ተኙ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ደቂቃ ያላረፉት እጆች ጉልበቷ ላይ እንደ ሁለት የሞቱ ወፎች ቀሩ። ከፊት ለፊቷ ያለችው ዱሬቲ ለጥቂት ጊዜ ክንዷን ፋቀች፤ ፋቅ ፋቅ አድርጋ ቀነሰች፤ ተወች። መርዳሳ ገመዱን ሲያስር አንገቱን ረሳው። ሁንዴ ጣሪያው ላይ ሳጥን ሲያስር እሱም ተወ። እኔም ክንዴን አየሁት፤ ምንም አይለኝም። አንድ ሰው ከአምስት ሰው ላይ እጁን በየተራ ያነሳ ይመስል ነበር። ልክ ያኔ ጋሽ ደሊል ከክፍላቸው ወጡ፤ ዱላቸውን ይዘው፣ ባጃጁ ድረስ ሄደው ገቡ፤ ተቀመጡ። የግቢው ነፋስ ሳይቀር ቆሟል።

መርዳሳ እጁን አነሳ። «ስሙ!» አለ።

ሰማን። ምንም የለም። የሚሰማው አለመሰማቱ ነው። ሦስት ሳምንት አብሮን የኖረው ያ የጥፍር ካፊያ ቀጥ ብሏል።

«ዋቃዮ!» አለች ዱሬቲ አፏን ይዛ። «ወጣ! አያችሁ? አብሯቸው ወጣ!» ሁላቸውም ወደ ባዶው ክፍል አዩ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ጨለማ ነው። ከዚያ ወደ ባጃጁ አዩ። ሁንዴ ጭነቱን ጨርሶ መሪው ላይ ሊቀመጥ ሲል ፈራ፤ «ፋዘር፣ ወደ ዳር ጠጋ ይበሉልኝ፣ እንዳይነኩኝ ብቻ» አላቸው። መርዳሳ ያን የዲክላራሲዮን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ባዶዋ መስመር ላይ ፈረመባት። እኔ፣ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበርኩት ሰው፣ የክንዴ ፀጉር ቆሟል።

ዘርፉ ተነሳች።

«እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት። ኪኒን ነው። አስራ አንድ ዓመት ስውጥ ነበር፤ ሳቆመው አሳከከኝ። እናንተ እኔን እያያችሁ ነው ያከካችሁት። አሁን ስለዋጥኩ ነው የቆመው። እሳቸው ስላላዩኝ ነው የማያኩት።»

መጀመሪያ የተናገረችው ዱሬቲ ናት። «እሺ፣ እትዬ ዘርፉ» አለች፤ «እርስዎ ለራስዎ ዋጡ። እኔን ደግሞ ማን ዋጠልኝ?»

ሁንዴ ሳቀ። መርዳሳ አልሳቀም። ዘርፉ ቦርሳዋን ከፍታ እሽጉን አውጥታ ያዘችለት፤ ብርማ ወረቀቱ ላይ አንዷ ፍሬ ጎድላለች። ተቀብሎ አገላበጠው። ስሙን ያውቀዋል፤ ስምንት ዓመት ሙሉ የተተወውን ኪኒን ስም እንዴት ይረሳዋል። ፊቱ ላይ ያ ሁሉ ዓመት አንድ በአንድ ሲያልፍ አየሁ፤ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ ጓዳውን አየ። ኮንቴይነር ሳይከፈት ውስጡን የሚያውቀው ሰው ዛሬ ተከፍቶ ተሰጠው። ከዚያ እሽጉን ለኔ አቀበለኝ።

«የመሰሉ ኪኒን ነው» አለ ለሁሉም እንዲሰማ። «ዘርፉ ይዛላት ነው እንጂ የሷ አይደለም። ለጋሽ ደሊል አዝና ነው እንዲህ የምትለው፤ ሆደ ቡቡ ናት እኮ፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።» ለእሷ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቅሶ፣ «ግቢ» አላት።

አልገባችም። እሽጉን ከእጄ ነጥቃ ወደ ባጃጁ ሄደች። ተከትያት ሄድኩ፤ ልይዛት ይሁን ልሰማ አላውቅም፤ ልሰማ ነው መሰለኝ። ጋሽ ደሊል ሬዲዮውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ተቀምጠዋል። ባጃጁ ውስጥ ከጎናቸው ያለው ቦታ ሁሉ ባዶ ነው፤ ሁንዴ ሳጥኑን እንኳ ከጣሪያው ላይ ነው ያሰረው።

«ጋሽ ደሊል» አለች።

«ዛሬ በቀን ነው የዋጥሽው» አሉ። «ድሮ ከመግሪብ በኋላ ነበር።»

ዘርፉ የባጃጁን ብረት ያዘች። የሳቸው ክፍልና የሷ ጓዳ የሚጋሩት አንድ ግድግዳ ነው፤ ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። የኪኒኑ ብርማ ወረቀት ሲቀደድ ቀጭ ይላል። በየማታው አንድ ጊዜ፣ ቀጭ። ስድስት ዓመት ሰምተውታል፤ ከሦስት ሳምንት በፊት መሰማቱን ሲያቆም ማቆሙንም ሰምተዋል፤ በሦስተኛው ቀን ምን እንደጀመረም።

«ያውቁ ነበር?» አለች።

«ግድግዳው ስስ ነው።»

«ታዲያ ጠዋት ሲያባርርዎት ለምን አልተናገሩም?»

«ባልሽ የጠየቀኝ ለምን እንደማላክ ነው» አሉ ጋሽ ደሊል። «ሌላማ የሰው ጓዳ ነው።»

ሁንዴ ሞተሩን አስነሳ። ከኋላችን መርዳሳ «ዘርፉ!» አለ፤ ሁለተኛም አለ። ሰፈሩ በየበሩ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ዘርፉ ወደ ኋላ አላየችም። እጇን ዘርግታ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የነካቸው የመጀመሪያ ሰው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

«ይውረዱ» አለች። «ዕቃውን እኔ ራሴ እመልሰዋለሁ። እነሱ ይመኑኝ አይመኑኝ፣ ክፍሉ የርስዎ ነው። ሲፈልግ እኔንም አብሮ ያስወጣኝ። ይውረዱ ጋሽ ደሊል፣ በፈጠረዎት።»

ጋሽ ደሊል ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። የሚያስቡ ይመስላሉ። ሬዲዮውን ወደ ጭናቸው አወረዱ፤ ዱላቸውንም ከበሩ ጋ አነሱት። የሚወርዱ መሰለኝ።

«ስንት ፍሬ ገዛሽ?» አሉ።

«አስር።»

«አንዱን ውጠሻል፤ ዘጠኙ ሲያልቅ ደግሞ ትጀምራላችሁ።»

«አዎ።»

«ለዘጠኝ ቀን ብዬ» አሉ ጋሽ ደሊል፣ «አልጋ አላስወርድም።»